ጨውን ከሥሩ የቀመሱት መሪጌታ ዘለቀ

መሪጌታ ዘለቀ አረፉ። በዚህ ክረምት፣ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ በዘነበበት ሳምንት፣ ከሆሳዕና በታች ወደ ቢላቴ ወንዝ በሚወርደው ቆላ፣ በገበሬው በኦርዴቦ ጓሮ በተቀለሰች አንዲት ጎጆ ውስጥ፣ ንዳድ በጣላቸው በአምስተኛው ቀን ነፍሳቸው ወጣች። በሆሳዕና፣ በጃጁራ፣ በዶዮገናና በሺንሺቾ የተበተናችሁ፣ ፊደል ከእርሳቸው የቆጠራችሁ ሁሉ፣ መርዶው በወጉ እንዳልደረሳችሁ ዐውቃለሁ። ጡሩምባ የነፋ የለም። መርዶ ነጋሪ መሆን ለእኔ ወደቀ፤ እንደ ሥራዬ ቢሆን ግን ለዚህ የምበቃ ሰው አልነበርኩም።

በቀብራቸው ላይ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። ቃሬዛውን ከቆላ እስከ ደብሩ አጥር ድረስ በጭቃ የተሸከሙት ኦርዴቦና ወንድሞቹ ናቸው። ፍትሐቱን ያደረሱት አንድ ቄስ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም ቸኩለው ነበር። ከከተማው ሰው ያልመጣው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው። የፈራውም አንዲት ቃል ነው፦ «ሥር ማሽ»። ሥር ማሽ ሲባል በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም፤ ሥር ቆፍሮና ቀምሞ ሰው የሚያጠፋ ደብተራ ማለት ነው። መሪጌታ ሥር ይምሱ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። በሥራቸው የሰው ጓሮ አደረቁ የተባለው ግን ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑንም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ያን ስም ከላያቸው ለማንሣት ነው፤ ስሙ ሲነሣ በማን ላይ እንደሚያርፍም እነግራችኋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የሸንጎው አስተርጓሚ ነኝ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ነጋዴ ነበር፤ እኔ እዚሁ ሆሳዕና ተወልጄ ሃዲይኛውን ከእኩዮቼ አፍ ለቅሜዋለሁ። ዳዊት የደገምኩት ከመሪጌታ ዘንድ ነው። እርሳቸው የመንዝ ሰው ናቸው፤ የደብሩ መሪጌታ ሲሆኑ ለሸንጎውም ጸሐፊ ነበሩ። ሃዲይኛ ከጥቂት ቃል በላይ አይችሉም። ስለዚህ ወደ ገጠር በወረዱ ቁጥር እኔ አፋቸው ሆኜ እከተላቸው ነበር። «አፌን በቅሎ ላይ ጭኜ መጣሁ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሥራቸውን ላላያችሁ እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ። ከኦርዴቦ ማሳ በታች ከብት እየተነዳ የሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ አለ። በዙሪያው መሬቱ በበጋ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ገብስ ቢዘራበት ከሁለት ቅጠል አያልፍም። እዚያ ደልቷቸው የሚኖሩት ሁለት ዕፅዋት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሸካራ አጭር ሳር፣ ሌላው ቅጠሉ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ ቁጥቋጦ። መሪጌታ መጀመሪያ ያዩዋቸው የድንበር ክርክር ለመጻፍ በወረድንበት ቀን ነው። ባለጉዳዮቹን ትተው ሳሩ ፊት ተንበረከኩ።

«ይህ ሳር ጨው እየጠጣ እንዴት አይሞትም?» ብለው ጠየቁ።

«እግዜር ያውቃል» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«እርሱ ማወቁንማ መች አጣሁት። እኔ ባውቅ ይቆጣኛል ወይ?»

ሳሩን ከነሥሩ ነቅለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ክርክሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ ባለጉዳዮቹም እያጉረመረሙ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ከማኅሌትና ከማስተማር የተረፋቸውን ጊዜ ሁሉ ለዚያ ምንጭ ሰጡት። ሥሩን ይነቅሉና በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ያጥቡታል፤ ከላዩ የተለጠፈው ጨው እንዳያታልላቸው ነው። ከዚያ ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይገፉና ለብቻው ያኝኩታል። ይተፉታል፤ አፋቸውንም ይጉመጠመጣሉ። ቀጥሎ በመካከሉ ያለችውን ቀጭን ክር ያኝካሉ። «ቅመስ» ይሉኛል፤ እቀምሳለሁ። ቅርፊቱ ያቃጥላል፤ ክሩ ግን አልጫ ለመባል ጥቂት የቀረው ነው።

«አየህ፣ ጨው ከአጥር ገብቷል፤ እልፍኝ ግን አልገባም። በመካከል ቆሞ የሚመልሰው አለ» ይሉኝ ነበር።

ይህን ሲሉ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እኔ ደግሞ ምላሴ ተልጦ እራቴ አይጣፍጠኝም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ሰልችቶኛል። እርሳቸው ግን በሰው ቤት ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ብለው አያውቁም። ምላሳቸውን ለሥራ ብቻ ነው የሚያስቀምጡት እያልን ከጀርባቸው እንስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ገብስና ሳሩን በሁለት ገል ተክለው ሁለቱንም የምንጩን ውሃ አጠጧቸው። ሳሩ ቆመ፤ ገብሱ ደረቀ። የገብሱን ሥር ነቅለው ቢያኝኩት ቅርፊቱም ክሩም እኩል ጨው ሆነ። «ገብስ ደግ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ያስገባል። በደግነቱ ሞተ» አሉ።

ሳሩም ቢሆን ሁሉን እንደማይመልስ በኋላ ደረሱበት። ውሃ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ አንድ በመሆኑ ጥቂት ጨው አብሮት ይሾልካል። ሳሩ የሾለከውን በቅጠሉ ያልበዋል፤ በማለዳ ቅጠሉን በጣት ቢጠርጉት ነጭ ብናኝ ይነሣል። ቁጥቋጦው ደግሞ ላብ የለውም፤ ጨውን በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ያከማቻል። ከጫፍ እስከ ሥር ቅጠሉን አንድ በአንድ አስቆጥረው እንዳኝክ አድርገውኛል። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ለስላሳ ነው፤ ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ያቃጥለኝ ጀመር፤ የመጨረሻውን ሳልውጥ ተፋሁት። አሮጌው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ የያዘውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። መሪጌታ ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ድምፃቸው ዝግ ይል ነበር።

አንድ ፈረንጅ ሐኪም በሆሳዕና ሲያልፍ ነገሩን በሌላ አስተርጓሚ አስጠየቁት። ሐኪሙም ጨው የሁለት ነገር ቁርኝት መሆኑን፣ ተክልን ይበልጥ የሚያስቸግረውም ሶዲየም የሚባለው መሆኑን ነገራቸው። ሥር አንዱን አስገብቶ ሌላውን እንዴት እንደሚመልስ በአገሩም ያሉ ሊቃውንት ገና እየፈለጉት ነው አላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ «ስሙን ዛሬ ሰማሁ እንጂ ከጠባዩ ጋርስ ተዋውቀን ቆይተናል» ብለው ለብቻቸው ሳቁ።

የሰው ችግር ግን ከሳሩ ይቀድምባቸው ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ባለጉዳይ ማደሪያ ሲያጣ አልጋቸውን ለቀው መደቡ ላይ ይተኛሉ። አቤቱታ ያጻፋቸው ሰው የሚሰጣቸው ቢያጣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ አንተ እውነቱን ንገረኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅህም» ይሉታል። ኦርዴቦን የወደዱትም ሲጠይቁት የማያውቀውን ዐውቃለሁ ስለማይላቸው ነው።

የኦርዴቦ የታችኛው ማሳ ከዓመት ወደ ዓመት ጨው እየበላው ይሄድ ነበር። በጎርፍ ጊዜ ምንጩ ሞልቶ ይፈስበታል፤ ውሃው ሲደርቅ ጨዉ ይቀራል። ኦርዴቦ ማሳውን ሊተወው ሲል መሪጌታ አንድ ነገር አሰቡ። ያ ሳር በማሳው ላይ ይተከል፤ ጨዉን ከአፈር ወደ ቅጠሉ ይሳብ፤ ሳይረግፍ ይታጨድና ከአካባቢው ይጥፋ። ጥቂት ዓመት እንዲህ ቢደረግ ገብስ ሊመለስ ይችላል ብለው አመኑ። ሳሩ ተተከለ፤ ያዘም።

የመጀመሪያው አጨዳ የደረሰ ጊዜ፣ የምናገርለት ቀን ያ ነው፣ መሪጌታ የኦርዴቦን ሚስት ሎምባሜን ጠርተው እንዲህ አሉ፦ «ሳሩን አጭዳችሁ ወደ ወንዙ ውረዱና በፈሳሹ ላይ ጣሉት። በቤታችሁ አጠገብ እንዳይቀር።» ይህን እንድተረጉም ወደ እኔ ዞሩ። ቀኑ ሞቃት ነበር። ርቦኛል፤ በቅሎዬም ተጭናለች። ወንዙ ሩቅ ነው፤ ሴቲቱም ስለ መንገዱ ብዙ ትጠይቀኛለች ብዬ አሳጠርኩት። «ሳሩን አጭዳችሁ ጣሉት ይላሉ» አልኳት።

«የት እንጣለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወደ መሪጌታ ዞሬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። «ጥራጊ የምትጥይበት ጣይው» ብያት በቅሎዬ ላይ ወጣሁ።

በዚህ አገር ጥራጊ የት እንደሚጣል የማታውቁ ካላችሁ፣ እንሰት ሥር ነው። የቤት ጥራጊ፣ ፍግ፣ የወደቀ ቅጠል፣ አመድ፣ አንዳች ነገር በከንቱ አይጣልም፤ ሁሉም ተመልሶ ለእንሰቱ ይሰጣል። እንሰት ደግሞ የሴት ጓሮ ነው። ሎምባሜ ከከምባታ፣ ከሺንሺቾ ወገን የተዳረች ታታሪ ሴት ነበረች፤ ያዘዝኳትንም እንደ ታታሪ ሴት ፈጸመችው። ዓመቱን ሙሉ የታጨደውን ጨዋማ ሳር በሸክም ወደ ዳገቱ አወጣች፤ እያንዳንዱንም እንሰት እንደ ሕፃን ከሥሩ አለበሰችው። መሪጌታ ጨውን ከአፈር እስከ ቅጠል ጫፍ ተከትለው ያውቁታል። ከእኔ አፍ እስከ ሎምባሜ ጓሮ የሄደበትን መንገድ ግን አላዩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔውስ ከአፋፉም ወርዶ ገደል ገባ።

በሁለተኛው ዓመት የእንሰቱ ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ እሳት እንደነካው ይከስል ጀመር። ስድስት ዓመት የተደከመበት፣ ሊፋቅ የደረሰ እንሰት ከግማሽ በላይ ሞተ። እንሰት የሞተበት ቤት ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ፤ ለመጪው ዓመት ቆጮ የለም ማለት ነው። የኦርዴቦ እናት «እጇ ነው። የዚህች ሴት እጅ እንሰት ያደርቃል» አሉ። ጎረቤቱም ተቀበላቸው። ሽማግሌ ተጠራ። ሎምባሜ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ፣ ሁለቱ ሴት ልጆቿ ግን ከአባታቸው ጋር ይቅሩ የሚል ነገር ተጀመረ።

ይህን ሰምተን ወረድን። መሪጌታ የሞተውን እንሰት ቆፈሩ፤ ሥሩን አጠቡ፤ ቅርፊቱን ገፍተው አኘኩ፤ ቀጥለው ውስጡን አኘኩ። ሁለቱም እኩል ጨው ነበሩ። መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሎምባሜን በሚያውቋት ጥቂት የሃዲይኛ ቃልና በእጃቸው ምልክት፣ በእንሰቱ ሥር ምን እንደጨመረች ጠየቋት። የበሰበሰውን ሳር አሳየቻቸው። ማን እንዳዘዛትም ጠየቋት። በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

ያን ጊዜ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከጓሮው ወጥተን ሽማግሌዎቹ ወደ ተቀመጡበት ስንሄድ ቆም ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«አስተርጓሚ ቃል አጠፋ ከተባለ ከእንግዲህ በሸንጎ የሚያምንህ የለም። ልጅ አለህ። እኔ ሥር መማሴን አገር ያውቀዋል፤ አንድ ስም ቢጨመርብኝ አይከብደኝም።»

«መሪጌታ፣ ይህ እንዴት ይሆናል?» አልኩ።

«ይሆናል። ዝም ብለህ ተርጉም።»

«እንዴት ይሆናል?» አልኩ እንጂ «አይሆንም» አላልኩም። ልዩነቱን እርሳቸውም እኔም ሰምተነዋል።

በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። «እንሰቱ ሥር ጣይው ያልኳት እኔ ነኝ። የእርሷ እጅ ንጹሕ ነው። ሳሩን ያመጣሁት እኔ፣ ጓሮውንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። እኔም ተረጎምኩ። በሕይወቴ አንድም ቃል ሳላጎድል የተረጎምኩት ያን ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሎምባሜ ልጆቿን ይዛ በቤቷ እንድትኖር ተፈረደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲነሣ በአማርኛ «ሥር ማሽ መሆኑን ራሱ በአፉ ተናገረ» አለ። ቃሉ ከእኛ በፊት ሆሳዕና ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ በሩቁ ሰምታችኋል። ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርቱ አስወጡ። መሪጌታም ከማኅሌቱ ተከለከሉ። የከተማው ነገረኛ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» እያለ ይሥቅባቸው ነበር። እርሳቸው መጻሕፍታቸውን ለአንድ ደቀ መዝሙር ትተው ወደ ኦርዴቦ ጓሮ ወረዱ፤ ጎጆም ቀለሱ። «ያበላሸ ያቃናል» ብቻ ነበር ያሉት። በክረምት የእንሰቱን ቦታ እየቆፈሩ በቦይ የዝናብ ውሃ አፈሰሱበት፤ ውሃው ሲወጣ እየቀመሱ ጨዉ ማነሱን ይመረምሩ ነበር። በበጋ አዲስ ችግኝ ተከሉ። ከተከሉት ግማሹ ያዘ፤ የግማሹ ቅጠል እንደገና ከጠርዙ ከሰለ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ሎምባሜ ካላት አጉርሳቸዋለች። እኔ በወር አንድ ጊዜ እየወረድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ከዚያም በጥሩ ስሜ ወደ ሸንጎዬ እመለስ ነበር።

ቆላው አልተስማማቸውም። በዚህ ክረምት ንዳዱ ሲይዛቸው ደረስኩ። በመጨረሻው ቀን አፋቸው መራራ ሆኖ ምንም መቅመስ አልቻሉም። የቦዩን ውሃ በእፍኜ አምጥቼ እንድቀምስላቸው ለመኑኝ። ቀመስኩት፤ ጨዋማ ነበር። «እንዴት ነው?» አሉኝ። «አልጫ ነው» አልኳቸው። ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ዋሸሁ፤ ይህን ውሸት ግን አልጸጸትበትም።

ከቀብር በኋላ ሎምባሜን በጓሮው በር ላይ አገኘኋት። ሁሉን ነገርኳት፤ ወንዙን፣ ያሳጠርኩትን ቃል፣ በመንገድ ላይ የተባባልነውን። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ አልተለወጠም።

«ዐውቃለሁ» አለችኝ። «ያዘዝከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ያን ቀን ልናገር ስል መሪጌታ በዐይኑ ከለከለኝ። ሳይሞት ትናገራለህ ብዬ ሁለት ክረምት ጠበቅሁህ።»

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ እንሰቱ ገባች።

እንግዲህ ደቀ መዛሙርት ሁሉ፣ ሥር ማሽ የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከመሪጌታ ዘለቀ ላይ አንሡልኝ። በቀብራቸው ያልቆማችሁ በተዝካራቸው ቁሙ። በእኔም ላይ የምትሉትን በሉ።

መሪጌታ ሆይ፣ እርስዎ በእኔ ፋንታ ያን ስም ተሸክመው ወርደዋል። በመንዝ ያሉ ወገኖችዎ እንኳ አላለቀሱልዎትም፤ ያለቀሱልዎት ቋንቋቸውን የማያውቁላቸው ሰዎች ናቸው። በደጃፋቸው አፈር ላይ ያፈሰሱትን ላብ ፍሬ ሳያዩ ቀሩ። በዚህ ዓለም ያጡትን ዕረፍት እግዚአብሔር በዚያኛው ይስጥዎት። እኔ ይቅርታ የምለምንዎት ዘግይቼ ነው፤ ቢሆንም እለምንዎታለሁ። በአርባዎ ቀን በኦርዴቦ ደጅ፣ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ እውነቱን በሃዲይኛ እናገራለሁ። ቢኖሩ ኖሮ ክንዴን ይዘው «ተው፣ ልጅ አለህ» ይሉኝ ነበር። አሁን የሚከለክለኝ የለም። መሞትዎን ያመንኩት በዚህ ነው።